ጄኔራሎቹና የእድራችን ድንኳን

የትከሻ ኮከብ የቱንም ያህል ቢበዛ ዝናብ አያስጥልም! አትሳቁ... በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

በደርግ ጊዜ የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። አንድ ክረምት የቀበሌያችን ሊቀመንበር እየተጣደፈ መጣ።

«እማማ በለጡ፣ የወዳጅ አገር ጄኔራሎች ከእኛዎቹ ጋር ሐይቁ ዳር ይሰበሰባሉ። መከላከያን ስለማዘመን ይመክራሉ። ድንኳኑን ይስጡኝ።»

«አዳራሽ የላቸውም?»

«ነፋሻውን ወደዱ።»

«ውሰድ። ግን ሕጋችንን ታውቃለህ፤ ሰው ከሞተ ድንኳኑ የትም ይሁን የት ይነቀላል። የተጠቀመበትም ሰው ራሱ ሐዘንተኛው ደጅ ወስዶ ይተክላል።»

«ኧረ እማማ፣ በሁለት ቀን ማን ይሞታል?» ብሎ ሳቀ።

ሞት ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? በማግስቱ ጎረቤታችን ዳንጊሶ አረፈ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ፣ እግሩ ሸፋፋ ነው ተብሎ ሚሊሺያ እንኳ የናቀው ሰው! ሚስቱ ዱካሌ ከለቀስተኛው ጋር ዝናብ ይወርድባታል።

«ለድሃ ሲሆን ድንኳንም ይጠፋል፣ እትዬ» አለችኝ።

መቀነቴን ጠበቅ አድርጌ ወደ ሐይቁ!

ጥበቃው «ወዴት ነው?» ቢለኝ «ወደ ድንኳኔ!» ብዬው አለፍኩ። እውነቴን ነው... የድንኳኑን ቀዳዳ የጣፍኩበት የአበባ ቀሚሴ ከአንድ ሽበታም የውጭ ጄኔራል ራስ በላይ ፈክቷል!

ሊቀመንበሩ ሮጦ መጣ። «እማማ፣ ስለ መከላከያ እየተወያዩ እኮ ነው!»

«እኛ ደግሞ ዝናብ የምንከላከልበት አጣን! ሰው ሞቶብናል፣ ንቀሉ!»

አስተርጓሚው ነገሩን ከነሕጋችን ለሽበታሙ ጄኔራል አንሾካሾከላቸው። ቆባቸውን አወለቁ፤ ተነሡና ምሰሶውን ያዙ። አለቃ ምሰሶ ተሸክሞ ማን ቁጭ ይላል? የእኛም የእነሱም ኮሎኔል ካስማውንና ገመዱን ተሻምቶ ተሸከመ።

ዱካሌ ደጅ ተከሉት። ትንሽ ዘመም አለ... ምን ይደረግ፣ መድፍ አይደል! ከዚያ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ ሜዳልያቸው እየተንቃጨለ ንፍሮ ቃሙ። ዱካሌም «ዳንጊሶዬ፣ ሚሊሺያ ቢንቅህ ጄኔራል ድንኳን ተከለልህ!» እያለች አለቀሰች።

ሲሄዱ ሽበታሙ ጄኔራል በአስተርጓሚው ጠየቁኝ፤ «እኔም እድራችሁ መግባት እችላለሁ?»

«ይችላሉ» አልኩ። «ግን እድርተኛ ሰው ይቀብራል እንጂ አይገድልም።»

አስተርጓሚው ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ ሰማዩን አየ። ከዚያ አስተርጓሚው ያን ሁሉ ነገሬን በአንዲት ቃል ተረጎመው። ጄኔራሉ ቅር እያላቸው እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ።

ምን እንዳላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም... «ሞልቷል» ብሏቸው ይሆናል!