ዓሳው እንዳይደነግጥ

ወርቃማ አሮዋና የሚባለውን ውድ ዓሳ የሚያሳድግ ሐበሻ ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፊንስበሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ ተስፋዬ ሶፋውን አስወጥቶ ሳሎኑን የሚያክል የመስታወት ገንዳ አስገባ። ዓሳው ዕድል ያመጣል ብለውታል። ዕድሉን እስካሁን አላየነውም። ያየነው፣ ዓሳው ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ ይዘላል ተብሎ እዚያ ቤት መሳቅ መከልከሉን ነው።

መሳቁስ ይቅር። አባቱ አዲስ አበባ አረፉና ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። የአባቱ የድሮ ጎረቤት እትዬ አልማዝ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሁለት አውቶቡስ መጥተው፣ ገና ከበሩ "ወይኔ ወንድሜን!" ብለው ሲጮኹ ተስፋዬ ሮጦ ያዛቸው።

"እትዬ፣ በእናትዎ ቀስ ብለው ያልቅሱ፤ ዓሳው ይደነግጣል።"

አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው አለቀሱ። እኛም በሹክሹክታ አለቀስን። ተስፋዬ ግን ዓይኑን ከገንዳው ሳይነቅል፣ እንባ ሳያወጣ ዋለ።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ።

"ዓሳውን ከነገንዳው ሸጥኩት። እስቲ ሰዎቹን ይዘህልኝ ና፤ ለአባቴ እስኪወጣልኝ ላልቅስ።"

ማን ይመጣል? አንዱ ሂትሮው ኤርፖርት የሥራ ሺፍት አለበት፣ ሌላው "ተዝካሩ እንኳ አልፏል እኮ" አለኝ። እትዬ አልማዝ ስልክ አላነሱም። ብቻዬን ሄድኩ።

ባዶው ሳሎን ውስጥ ሁለታችን ቆምን። አሁንም የምናወራው በሹክሹክታ ነበር።