እሳት ውስጥ የገባ አማርኛ

አማርኛችን ሁለት ነው፤ አንዱ የቤት፣ ሌላው የማይክራፎን። የቤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሚስቱን «ውሃ መጣ?» ብሎ ጠይቆ የወጣ ጤነኛ ሰው፣ ረፋድ ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ ዕድል ይሰጠውና ማይክራፎኑን ሁለቴ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ተደራሽነትን በተመለከተ» ብሎ ይጀምራል። እዚያው ፊት ለፊቱ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። ሲጠማው ግን «እስቲ ያንን አቅርቦት አቀብለኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ውሃ ነው የሚለው።

እስክሪብቶ ስንጨብጥም ያው ነን። የልጄ አስተማሪ ጎረቤቴ ናት። መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ልጅህ አስቸገረን፣ ብቅ በል እስቲ» ትለኛለች። ያንኑ ነገር በወረቀት ስትልከው «ተማሪው የሚያሳየውን ያልተገባ ሥነ ምግባር አስመልክቶ ለመወያየት ይገኙ ዘንድ» ሆኖ ይመጣና፣ ልጄ ሰው የገደለ መስሎኝ ሸሚዝ ሳልቀይር እሮጣለሁ። ስደርስ ለካ ጠመኔ ሰብሮ ነው።

ሰው ማማቱ ይቅርብኝ። እኔ ራሴ የዚህ በሽታ ታማሚ ሳልሆን አስተላላፊ ነኝ። እንጀራዬ ድምፄ ነው። አዳማ ውስጥ ሞንታርቦ የጫነች መኪና በሰፈራችሁ አልፋ «ውድ የከተማችን ነዋሪዎች» እያለች ከቀትር እንቅልፋችሁ ቀስቅሳችሁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የሶፋ ቅናሽ፣ የምግብ ቤት ምረቃ፣ የጠፋ የሰነድ ቦርሳ፣ ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው የማውጀው።

ሳሮን የምትባል ወጣት መሐንዲስ የደወለችልኝም ይህንኑ ድምፅ ሰምታ ነው። ለአዳማና ለሞጆ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥልጠና ሊሰጥ ነው አለችኝ፤ ሥልጠናው ደግሞ በመነጽር ነው። ደብዳቤው ላይ «የምናባዊ እውነታ ቴክኖሎጂ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሠራተኞቹ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን «መነጽሩ» ብለው ተገላገሉት። ዓይናችሁ ላይ ስታስሩት የሚቃጠል ቤት ውስጥ ትገባላችሁ። ጭሱ ይከባችኋል፣ ጣሪያው ሲንጣጣ ትሰማላችሁ፣ ወለሉ ላይ እየዳኻችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ፤ ከፀጉራችሁ ግን አንዲት አትቃጠልም። መብራት ከሄደ ደግሞ እሳቱም አብሮ ይጠፋል፤ እንዲህ ያለ ታዛዥ እሳት በሕይወቴ አላየሁም።

ነገሩ የተሠራው ውጭ አገር ነው። ሳሮን ቤቱን ቆርቆሮ አልብሳ፣ የብረት በር ገጥማ የእኛ አስመስላዋለች። የቀራት አማርኛው ነበር፤ የኦሮምኛው ቅጂ በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል ተብሏል። የእኔ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እሳት ውስጥ የተያዘውን ሰው ሆኜ «እርዱኝ» ማለት። ይህቺን አንዲት ቃል ስድስት ጊዜ ቀዳናት፤ አምስቱን ጊዜ የሶፋ ቅናሽ መሰለችብን። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው እያንዳንዱ በር ላይ ሲደርስ ውስጥ ሰው መኖሩን ለማወቅ የሚጣራውን ጥሪ መጻፍ። ማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ ያንን ጥሪ ሲሰማ ብቻ የተያዘው ሰው ይመልሳል። ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለእኔ ተተወ።

አያችሁ፣ እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዚህ ስፍራ የምትገኙ ውድ ወገኖቻችን፣ ያላችሁበትን ሁኔታ በድምፃችሁ ታሳውቁን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።» «ታሳውቁን ዘንድ» የምትለዋን ስጨምር ራሴን ወደድኩት። ሳሮን አንብባ ከንፈሯን ነከስ አደረገችና፣ ትንሽ አይረዝምም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሙያ ጉዳይ ነው ብዬ አስረዳኋት። አባቷ ሰባኪ ናቸው፤ ታላቅ ሰው በማይከራከሩበት ቤት ያደገች ልጅ ስለሆነች ዝም ብላ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።

ሥልጠናው የተሰጠው በአንድ ሆቴል የሠርግ አዳራሽ ነው። የቅዳሜው ሠርግ ወንበር፣ ያ ባለ ወርቅማ ቀለሙ፣ መድረኩ ላይ እንዳለ ነበር። የሠራተኞቹ ኃላፊ ሲከፍቱ አንድ ትእዛዝ አነበቡ፦ የመጨረሻውን ፈተና በሁለት ሙከራ ያላለፈ ሠራተኛ ከእንግዲህ እሳት አደጋ መኪና ላይ አይወጣም፤ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል። ከዚያ ፈተናው ተጀመረና ወጣቶቹ ተራ በተራ መነጽሩን እያሠሩ ምንጣፉ ላይ ዳኹ። መነጽሩ የሚያሳያቸውን እኛም ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን እናያለን። ጥሪዬን በሻይ ሰዓት ሸምድደዋት ስለነበር ጭሱ መሃል ተንበርክከው ከ«በዚህ ስፍራ» እስከ «እንጠይቃለን» ሳይተነፍሱ ያወርዷታል፤ ማሽኑም በእኔ ድምፅ «እርዱኝ» ይላል። ተጨበጨበ። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

ቀጥሎ ጋሽ ከድር ገቡ። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ዕድሜያቸውን እዚያች ቀይ መኪና ላይ ነው የጨረሱት፤ ወጣቶቹን ሁሉ ቱቦ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መነጽሩን ሲያስሩላቸው «ቢስሚላህ» አሉና ወረዱ። አንድ እጃቸው ከግድግዳው አይለይም፣ በሩን በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ ያደርጋሉ፣ ሰውነታቸውን ከጭሱ በታች ያወርዳሉ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተጣሩ።

«ቤቶች» አሉ።

ዝም። ደገሙት። በኦሮምኛም ተጣሩ። ጆሯቸውን በሌለው በር ላይ አስጠግተው ጠበቁ። ማሽኑ ግን እንኳን ሊመልስ አልተነፈሰም፤ ሰዓቱ ብቻ ይቆጥራል። ሰው ደጅ ስንደርስ እናንተም እኔም የምንለው ያ ቃል ለካ ማሽኑ ውስጥ የለም። ጊዜው አለቀ፤ ስክሪኑ ቀይ ሆነ።

ሳሮን ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ካላሉት ማንም አይመልስልዎትም» አለቻቸው። የንባብ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጥሪዬን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ማን እንደጻፈው ጠየቁ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ በዚህኛው ዙር እጅ አልነሳሁም።

«አማርኛው ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ይሄን ብዬ እስክጨርስ ቤቱ አመድ ይሆናል። እሳት ውስጥ ያለውም ሰው ስብሰባ የተጠራ ነው የሚመስለው።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ሁለተኛው ሙከራ ከምሳ በኋላ ነበር። ላስጠናቸው ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ውድ ወገኖቻችን» ድረስ ደህና ይመጣሉ፤ ከዚያ «ታሳውቁን ዘንድ» ላይ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አፌ እሺ አይለኝም አሉ። ለምን በሩ ላይ እንዲህ አብዝተው እንደሚቆሙ ጠየቅኋቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ ሥራ በጀመሩበት ጊዜ አንድ ቤት ሳይጣሩ ገብተው እንደነበር ነገሩኝ። ጭስ ነው፣ ዓይን አያይም፤ በዳበሳ ፈልገው ወጡና ማንም የለም ብለው ተናገሩ። «ሰው ነበረ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በር ሳይጣሩ አልፈው አያውቁም። ከዓመታት በኋላ በባቡር ጣቢያው በኩል አንድ ቤት ተቃጠለ። ጎረቤቶቹ ቤቱ ባዶ ነው ብለው ይምላሉ። ጋሽ ከድር ግን በሩ ላይ ተንበርክከው ጭንብሉን ገለጥ አድርገው «ቤቶች» አሉ። ከአልጋ ሥር ቀጭን ድምፅ መለሰችላቸው፦ «እማዬ የለችም።»

ትንሽ ልጅ ናት፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ በዪ ተብላ የተማረችውን ነው የመለሰችው። ቤቱ እየተቃጠለ፣ ጭስ እያፈናት፣ ሰው ሲጣራ የሚመለሰውን አልረሳችም። ሕፃን ልጅ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ሲያይ ይበልጥ ይደበቃል፤ ያቺ ቃል ግን የልጅቷን ድምፅ አወጣችላቸው። ልጅቷ ዛሬ ወለንጪቲ ውስጥ ባለ ትዳር ናት፣ ለዒድ ትመጣለች አሉኝ።

ያቺ ልጅ አልጋ ሥር ሆና የእኔን «ታሳውቁን ዘንድ» ብትሰማ ኖሮ ምን ትመልስ ነበር? አፈርኩ። በድምፄ ስተዳደር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፄ አፈርኩ። ይህን ሁሉ የሰው ልጅ ያወጣ ሰውዬ በእኔ ዓረፍተ ነገር ከመኪናው ሊወርድ ነው። ቀጥ ብዬ ወደ ሳሮን ሄድኩና የልጅቷን ነገር አጫውቻት ጥሪዬን አውጥታ እንድትጥልልኝ ለመንኳት። ለምን ቀደም ብላ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት፣ የሙያ ጉዳይ ነው ብለውኝ አለችና ሳቀች። ኃላፊውን አስፈቀደች። «ቤቶች»ን ማሽኑ ውስጥ አስገባች። መልሱን በእኔ ድምፅ ሞከርነው፤ ጉንፋን የያዘው ፍየል ሆነ። ሳሮን ራሷ አፏን በመዳፏ ጋረድ አድርጋ አንዴ ብቻ አለችው፣ አንዴ በቃ። ጋሽ ከድርን ይግረማቸው ብለን ሳንነግራቸው ቀረን።

የእኛ ብልጠት እንዲህ ናት። ለካ እሳቸው ምሳቸውን ትተው ያንን ዓረፍተ ነገር ሲያጠኑ ነበር።

መነጽሩን አሰሩ፣ ወረዱ፣ ግድግዳውን ያዙ፣ በሩ ላይ ደረሱ። ከዚያ አንዲት ፊደል ሳይሳሳቱ «በዚህ ስፍራ የምትገኙ ውድ ወገኖቻችን» ብለው ጀመሩ። እኔና ሳሮን ተያየን። ማሽኑ ይህን ጥሪ ከእንግዲህ አያውቀውም። ልንጮህ ፈለግን፤ ተፈታኝን መርዳት ፈተናውን ያሰርዛል። «ያላችሁበትን ሁኔታ» አሉ። «በድምፃችሁ» አሉ። ሰዓቱ ይቆጥራል። እኔ በሕይወቴ የራሴን ጽሑፍ እንዲያ ጠልቼ አላውቅም። «ታሳው» ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረና ቆሙ። የጠፋባቸውን ቃል ፈለጉ፣ አጡት። ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አስደገፉ። ከዚያ ተስፋ በቆረጠ ሰው ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ቤቶች» አሉ።

«እማዬ የለችም» አለ ማሽኑ።

ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ተነሱ። ጋሽ ከድር ግን ቀስ ብለው ቀና አሉና፣ ጠዋት ባልሰማሁት ለስላሳ ድምፅ፣ «መጣሁ የኔ ልጅ፣ እናትሽ ናት የላከችኝ» አሉ። ቀጥ ብለው ወደ ድምፁ ዳኹ። በስክሪኑ ላይ አልጋ ሥር ገቡ፤ በአዳራሹ የሙሽሮቹ ወንበር ሥር በደረታቸው ተኝተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ አየር አቅፈው፣ የሌለችውን ልጅ ራስ በመዳፋቸው ከልለው፣ ወደኋላ እየዳኹ ወጡ። ማንም አልሳቀም። ሳሮን ሰዓቱን አየችና ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ማለፋቸውን ተናገረች፤ ወጣቶቹ ተነስተው ከበቧቸው። መነጽሩን ሲፈቱላቸው ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረግ አድርገው ይሄ ነገር ያልባል አሉ። እኔን መነጽር ያሠረብኝ አልነበረም፤ አለቀስኩ።

ኃላፊው ደስ ብሏቸው ይህ ጥሪ በመመሪያው ውስጥ መግባት አለበት አሉ። ነገ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ማሽን ቢመጣ ጋሽ ከድርም ሆነ ማንም በዚህ እንዳይወድቅ፣ ተጽፎ ለበላይ አካል ይላካል። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ለማን ሰጡ? ለእኔ። የቋንቋ ባለሙያው እኔ ነኛ። ከላይ «የእሳት አደጋ ሠራተኛ በር ላይ ሲደርስ የሚጣራው» የሚል ርዕስ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አንዲት ቃል ጽፌ መለስኩላቸው።

ወረቀቱን አዩት። ጀርባውንም ገልብጠው አዩ።

«ይሄ ብቻ?» አሉኝ። «ወደ ላይ የሚሄድ ወረቀት እኮ ነው። ትንሽ አማርኛ ጨምርበት እንጂ።»

አሳዘኑኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ቃለ አጋኖ ጨመርኩበት።