የበዳዮች ጠበቃ፣ ሐጃ አሽሪ

በየቤተሰቡ አንድ የበዳይ ጠበቃ አይጠፋም። ሰው ሰድቧችሁ ወይም ገፍትሯችሁ ቤት ትገባላችሁ። ጫማችሁን ሳታወልቁ ብሶታችሁን ትጀምራላችሁ። ገና «እንዲህ ያለ ባለጌ...» ስትሉ ጠበቃው ከተቀመጠበት ቀና ብሎ መከላከያውን ያሰማል። ደመወዝ የለው፣ የጥብቅና ፈቃድ የለው፣ በዳዩንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ግን በነፃ ያሰናብተዋል። ተበድላችሁ የገባችሁት ሰዎች ክፉ አሳቢ ተብላችሁ ትወጣላችሁ።

በካይሮ፣ አብዲን ሠፈር ከሚኖሩት ኑቢያውያን መካከል ይህን ከፍተኛ ሹመት ይዘው የኖሩት ክብርት ሐጃ አሽሪ ናቸው። አሽሪ ማለት በኑቢያ ቋንቋ ቆንጆ ማለት ነው፤ እውነትም ቆንጆ ናቸው፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ አንገተ መቃ። የችሎት ንግግራቸው ግን አጭር ነው። «አይፈረድበትም» ይላሉ። በቃ፣ መዝገቡ ተዘጋ።

ይህን ፍርድ ከማንም በላይ ስትሰማ ያደገችው የእኅታቸው ልጅ ናብራ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ስለሆነ፣ አክስቷ ናቸው አብልተው፣ አስተምረው፣ ቀጥተው ያሳደጓት። አንድ ቀን ሁለቱ ታክሲ አስቆሙ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አያቸውና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ሰው መሆናችንን አላየም። አይፈረድበትም» አሉ ሐጃ አሽሪ።

«ፀሐይዋ እኮ ከጀርባው ነበረች፣ አክስቴ!»

«እንግዲያው ከመስታወቱ ላይ ነጥራ ነዋ!»

ባለሱቁ ናብራን «ነይ እስቲ ቸኮላቷ» ብሎ ሲጠራት፣ «ምስኪን፣ ስኳር በሽታ አለበት፣ ጣፋጭ ያምረዋል» አሉ። በስልክ «ቤቱ ባዶ ነው፣ ኑ» ያላቸው አከራይ፣ ደጁ ላይ ቆመው ሲያያቸው «ውይ፣ አሁን የአጎቴ ልጅ ተከራየው» ሲል፣ «የአጎት ልጅ ከባዕድ ይቀድማላ» አሉ። በቴሌቪዥን አንድ ተዋናይ ፊቱን ጥላሸት ቀብቶ ጅል የኑቢያ ዘበኛ ሆኖ ሲንተባተብ፣ «የሚያሳድጋቸው ልጆች ይኖሩታል። ደግሞ ያ ሁሉ ጥላሸት እስኪለቅ ስንት ሳሙና ይፈጅበት ይሆን!» ብለው አዘኑለት።

ወንድማቸው በሽቆ፣ «ይቺን ሴት እወቁልኝ! ቤታችንን ቢያቃጥሉት ‹ብርድ መቷቸው ነው› ነው የምትለው» አለ።

«በጥር ከሆነማ አይፈረድባቸውም» አሉ ሐጃ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ሐጃ ሌላም አመል ነበረባቸው፤ ወረፋ መያዝ። ናብራ አሥር ዓመት ከሞላት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ወደ ባለሙያው ወደ ኡስታ ረኡፍ ፀጉር ቤት ይወስዷታል። ይወስዷታል ማለት ቀድመው ይሄዳሉ። «ወረፋ ልያዝልሽ፣ አንቺ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነይ» ብለው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ውልቅ ነው። ናብራ ስትደርስ ፀጉር ቤቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ሐጃ ብቻቸውን ሦስት ወንበር እያስከበሩ ይቀመጣሉ። ቤተሰቡ በዚህ ስንት ጊዜ ስቋል። «አሽሪ ሙታን በሚነሡበት ቀንም ቀድማ ሄዳ ወረፋ ትይዝልናለች» ይባል ነበር።

ከረኡፍ መስታወት በላይ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «አጥቦ በፔስትራ መተኮስ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ፓውንድ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ከርዳዳ ፀጉር፣ እንደ ሥራው»። ናብራ ስትጨርስ ሁለት መቶ ሃምሳውን ትከፍላለች፤ ረኡፍም አመስግኖ ይቀበላል። ስለዚህ ያ የታችኛው መስመር ስለ እሷ የተጻፈ አልመሰላትም። ሌላ ቦታ ሌላ ዓይነት ፀጉር ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ፤ ለእነሱ ይሆናል ብላ አሰበች።

ይሄ ሐሳቧ ጓደኛዋን አሳጣት። ከሁለት መንገድ ማዶ የምትኖረው ሒክመት፣ ኑቢያዊት ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው ያደጉት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሒክመት እያለቀሰች መጥታ፣ «ረኡፍ ከእጥፍ በላይ አስከፈለኝ። ያውም ሰው በተሰበሰበበት ‹የናንተ ፀጉር እጅ ይሰብራል› ብሎ» አለቻት።

«አታጋኚ» አለቻት ናብራ። «እኔ ስንት ዓመቴ፣ እንደ ሰው ነው የምከፍለው። አነጋገርሽ አስቆጥቶት ይሆናል እንጂ እሱ እንዲህ አይልም።»

«ዋሸሁ ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። ግን እሱም አይፈረድበትም፣ ሥራ በዝቶበት...»

ሒክመት እንባዋን ጠርጋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገቷን ታዞራለች።

እንግዲህ ባለፈው ወር ሐጃ አሽሪ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና አልጋ ያዙ። በዚያው ሳምንት ናብራ ከአንድ የጉዞ ቢሮ ተጠራች፤ የእንግዳ ተቀባይነት ሥራ ነው። ቃለ መጠይቁን አልፋ ነበር። የቀራት እሑድ ከሥራ አስኪያጁ ፊት መቅረብ ነው። ያነጋገረቻት ሴትዮ ከእግር እስከ ራሷ አይታት፣ «ፀጉርሽን ተስተካክለሽ ነይ እንግዲህ፣ ገብቶሻል?» አለቻት። ገብቷታል። የአክስቷ ጡረታ ለመድኃኒቱና ለቤት ኪራዩ አልበቃ ብሏል፤ ሥራው በእጅጉ ያስፈልጋታል።

ሐሙስ ጠዋት ልትወጣ ስትል ሐጃ ከአልጋቸው ላይ ተንጠራሩ። «ቆይ እስቲ፣ የጎረቤቷን ልጅ ጥሪልኝ፣ ሄዳ ወረፋ ትያዝልሽ።»

«አክስቴ፣ በአላህ! የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ።»

«ቅዳሜ ብትሄጂስ? ቅዳሜ እኔም ይሻለኝ ይሆናል።»

ናብራ ግንባራቸውን ስማ ወጣች።

ረኡፍ ራሷን ካሳጠባት በኋላ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ማበጠሪያውን ሰካ አድርጎ፣ «ስድስት መቶ ነው» አላት።

የተሳሳተ መሰላት። «እኔ ሁልጊዜ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው የምከፍለው፣ ኡስታ።»

«እሱማ አዎ። ቀሪውን ሐጃ ጠዋት ይከፍሉ የለ? አላህ ያሽራቸው፣ ዛሬ አልመጡም።» ፊቷን በመስታወቱ ውስጥ አየና ደነገጠ። «አታውቂም ነበር እንዴ? ልጄ ሙች፣ የነገሩሽ መስሎኝ ነው።»

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበሩ። ካስክ ውስጥ ያለችው እንኳ ካስኩን ከፍ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። ናብራ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረች። የሴትየዋ ፀጉር ወገቧን ያልፋል፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ፣ ሁለት ሠራተኞች ከገባች ጀምሮ ሲታገሉት ነው።

«እሷስ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ» አለ ረኡፍ።

«የሷ እኮ ከኔ አራት እጥፍ ነው። ሁለት ሰው ነው የያዘው!»

«የሷ ጥቅልል ነው። ያንቺ ከርዳዳ ነው።»

«በምን ለየኸው?»

ረኡፍ ፀጉሯን አልነካም። ፊቷን አየት አድርጎ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ነገር አናብዛ፣ ልጄ። ዋጋውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚሠራው። እኔ በሰው ቀለም የማዳላ ሰው አይደለሁም፣ ሐጃን እንደ እናቴ ነው የማያቸው።»

ናብራ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት መቶ ፓውንድ ብቻ ነበራት። ቢኖራትም አትከፍልም ነበር። ተነሥታ ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደች። ረኡፍ ከኋላዋ፣ «የእጥበቱን ተዪው፣ ለሐጃ ስል ነው» አላት። ይህቺ ቸርነቱ ከስድስት መቶው ይልቅ አቃጠለቻት።

ከራሷ የሚወርደው ውኃ በጀርባዋ እየገባ መንገዱን አቋረጠች። ለአክስቷ የምትለውን ሁሉ እየደረደረች አራት ፎቅ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት አታለልሽኝ ልትላቸው ነው። ሒክመትን ውሸታም አስባልሽኝ ልትላቸው ነው። ከማንም ጋር እንደማልተካከል እያወቅሽ፣ እንደተካከልኩ አድርገሽ ሰው ፊት አወጣሽኝ ልትላቸው ነው። በሩን በርግዳ ገባች።

ሐጃ አሽሪ ከአልጋው ለመውረድ ሲታገሉ አገኘቻቸው። የተሰበረው ዳሌያቸው አላንቀሳቅስ ብሏቸው ፊታቸው በላብ ወርዝቷል። እርጥብ ፀጉሯን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ተናገረሽ?»

ናብራ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ተናገረሽ ወይ፣ ልጄ? በሰው ፊት? እኔ እኮ አፉን አስከፍቼው አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላስከፈትኩትም። ገና ሱቁን ሲከፍት እደርስና፣ ሳይጠይቀኝ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ። ዋጋውን ለኔም ተናግሮ አያውቅም። እናትሽን ግን አባቱ በሠርጓ ዕለት ብሏት ነበር፤ ሚዜዎቿ ሁሉ ባሉበት። ሳቁባት። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ባሏ እንኳ ፀጉሯን በወጉ አይቶት አያውቅም። ሻሽ እንዳሠረች ኖረች። አንቺ እንደዚያ እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው። ትንሽ እስክትጠነክር፣ ትንሽ እስክታድጊ ስል... ይኸው አረጀሁ።»

ናብራ ደረጃውን ስትወጣ የደረደረችው ነገር ሁሉ ጠፋባት። ያ ሁሉ «አይፈረድበትም» ለማን ሲባል እንደነበር አሁን ገባት። አክስቷ በዳዩን ወደውት አልነበረም፤ በደሉ ልጅቷ ጆሮ እንዳይደርስ በር ላይ ቆመው ሲገፉት ነው የኖሩት። በዚህ ዓለም ያሸነፉት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፣ የረኡፍን አፍ ማዘጋት። እሱንም ዛሬ ልትወስድባቸው አልቻለችም።

«ምኑን ነው የሚናገረኝ?» አለች። «መብራት ሄዶበት እኮ ነው። ፔስትራው ሊሞቅለት ስላልቻለ ጥዬው መጣሁ።»

ከአልጋው በላይ የጣሪያው ማራገቢያ ይዞር ነበር። ፀጉር ቤቱና ቤታቸው አንድ የመብራት መስመር ላይ ናቸው። ሐጃ አሽሪ ቀና ብለው ማራገቢያውን አዩት፤ ናብራም አየችው። ከዚያ ሐጃ ዓይናቸውን መለሱ።

«መብራት ከሄደማ ምን ያድርግ» አሉ ቀስ ብለው። «ነይ፣ ፎጣ አምጪና ላድርቅልሽ፣ ብርድ ይመታሻል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችላቸው። ፀጉሯን በፎጣው እያሹ ብዙ ቆዩ። ናብራ በሕይወቷ ማንንም እንደዚያች ሴት ወድዳ አታውቅም።

እሑድ ፀጉሯን እንዳለ ወደ ኋላ ጠቅልላ አሥራ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቷን አገላብጦ፣ «እንደውላለን» አላት። አልደወሉም። ለአክስቷ፣ «አለቃው ተቆጪ ቢጤ ነው፣ እኔው ነኝ የተውኩት» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ደግ አደረግሽ» አሉ። በዚያ ቤት እንግዲህ ጠበቆቹ ሁለት ሆኑ ማለት ነው፤ አንዳቸው ለሌላቸው የሚቆሙ።

ውሸቱ ግን ከቤት ወጥቶ ለሒክመትም እንዲተርፍ አልፈለገችም። በዚያው ሳምንት ሁለቱን መንገድ ተሻግራ የሒክመትን በር አንኳኳች። ሒክመት በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችና አየቻት፤ አልሰደበቻትም፣ ግቢም አላለቻትም። ናብራ መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ይቅርታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ረኡፍ ስድስት መቶ አለኝ።»

ሒክመት በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እኔን ሰባት መቶ ነው ያለኝ» አለች። «ግቢ፣ ደጅ አትቁሚ።»