ነጥቡ የደምሴ፣ ኳሷ የጋሽ በላይነህ

እናንተዬ፣ ኃላፊነት ማከፋፈል የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ካርቱም ውስጥ አንድ አለን፤ ጋሽ በላይነህ፣ የዐማራት ሰፈር ሐበሾች የቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል። አገሩን ጥሎ የተሰደደው ግምገማ አንገሽግሾት ነው። ታዲያ በየጁምዓው ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ግምገማ የሚጠራው ማን ይመስላችኋል?

አንድ ጁምዓ ደምሴ የሚባል አዲስ ልጅ ከባሕሪ ሰፈር መጣልን። ቁመቱ ቅርጫቱን ቁልቁል ሊያይ ምንም አልቀረው። ጋሽ በላይነህ ገና ሲያየው፣ «ያላ! ከዛሬ ጀምሮ ነጥብ ማግባት ያንተ ኃላፊነት ነው» አለው።

«ጀማሪ ነው፤ እስኪለምድ ግማሹን ብቻ ይሸከም» ብንል፣ «ይህን ቁመት እግዜር ለጌጥ ነው የሰጠው?» አለን።

ጨዋታው ተጀመረ። ደምሴ ቅርጫቱ ሥር እጁን ሰቅሎ ቆመ። ጋሽ በላይነህ ኳሷን ከመሀል ይወረውራል፣ ይስታል፤ ከጥግ ይወረውራል፣ ይስታል። የደምሴ እጅ እንደተሰቀለ ተሸነፍን።

ግምገማው ላይ ጋሽ በላይነህ፣ «ደምሴ፣ አንድም ነጥብ አላገባህም፤ ሂስህን ዋጥ!» አለ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «አጥፍቻለሁ ጋሼ። ለሚመጣው ጁምዓ ግን፣ ኢንሻላህ፣ ኳሷን አንዴ እንኳ ቢያቀብሉኝ?» አለ።

«አያችሁልኝ? ስንት ኃላፊነት ሰጥተነው፣ ደግሞ ኳስ ያምረዋል! የኳስ ጥመኛ ነው የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

ሁላችንም አወጣን፤ ደምሴም ጭምር። እጅ ሰቅሎ መቆሙን እንደሆነ ሲለማመደው ውሏል።