የአጎት አዚማን «ቅርብ ነው»

ተራራ ያለበት አገር ሁሉ «ቅርብ ነው» የሚል አንድ ሰው አያጣም። ይህ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሩቅ የሚባል ቦታ አጋጥሞት አያውቅም። ጉልበትህ ሲከዳህ፣ ምላስህ ከትናጋህ ሲጣበቅ፣ መለስ ብሎ በርኅራኄ ያይህና «ያችን ጥግ ዞር ስንል ነው» ይልሃል። ጥጓን ዞር ስትል ሌላ ጥግ ትጠብቅሃለች።

በምሥራቅ ታይዋን፣ ቡኑን በሚባለው ነባር ሕዝብ ተራራ፣ የ«ቅርብ ነው» ባዮች አለቃ ክቡር አጎት አዚማን ናቸው። የእህታቸው ልጅ ላንጉስ የከተማ እንግዶችን ወደ ጥንቱ መንደር የምታስወጣ ትንሽ የአስጎብኚ ድርጅት አላት፤ መንገድ መሪዋ እሳቸው ናቸው። እሷን ከጠየቃችሁ ግን ድርጅቱ የእሳቸው ነው፣ እሷ ስልክ ታነሣለች።

የአጎት አዚማን ጉዞ የሚጀምረው ባለመሄድ ነው። መንገዱ አፍ ላይ ቆመው ከዳጉሳ የተጠመቀ መጠጥ ጠብ እያደረጉ እንግዶቹን ለሙታን ያስተዋውቃሉ። «ይህ ባንክ ቤት ይሠራል፣ ጫማው አዲስ ነው፣ ቢንሸራተት አትሳቁበት።» በዚህ መሃል ሰው ካስነጠሰ አበቃ፤ ሊነሣ ሲል ያስነጠሰ መንገድ አይጀምርም፣ ይህን የቡኑን አዳኝ ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። አምና የአበባ ብናኝ የማይስማማው አንድ መምህር መጥቶ ነበር። ያስነጥሳል፣ ሁሉም ይቀመጣል፤ ሊነሡ ሲሉ ደግሞ ያስነጥሳል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆኖ ዋለና ሌሎቹ እያጉረመረሙ ወደ ሆቴላቸው ተመለሱ። መምህሩን ግን አጎት አዚማን ቤታቸው ወስደው በጢስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ አበሉት፤ እንዲያድርም ለመኑት።

ላንጉስን የከነከናት ያ ልመና ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚባለው ለእሳቸው አይሠራም። ሚስታቸው ከሞቱ፣ ልጆቻቸውም ከተማ ከቀሩ ወዲህ እንግዳ መሸኘት አይሆንላቸውም። ሲመለሱ ይችን ዛፍ ሳታዩ፣ ከዚያ ምንጭ ሳትጠጡ እያሉ ቁልቁለቱን ከዳገቱ ያስረዝሙታል። ቅሬታው በዛ። በመጨረሻ ላንጉስ ቆረጠች፦ ወደ ጥንቱ መንደር የሚያወጣው ረጅሙ መንገድ ይዘጋል፣ እንግዶች በወንዙ ዳር ባለው አጭር መንገድ በሌላ መሪ ይሄዳሉ። ግን ለአጎቷ በምን አፏ ትንገራቸው? እንግዳ በጠፋበት በአንድ ቀን አብሬዎት ልውጣ አለቻቸው። እላይ ስንደርስ እነግራቸዋለሁ ብላ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። «አጎቴ፣ ገና ሩቅ ነው እንዴ?»

«ምን ሩቅ አለ ልጄ፤ ያችን ጥግ ዞር ስንል ነው።»

እላይ ደረሱ። የአባቶቻቸው የጥንት ቤት ጣሪያው ወድቋል፤ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳውና ወለሉ ግን አለ። ቡኑኖች ድሮ ሙታናቸውን የሚቀብሩት እዚያው ከወለሉ ሥር ነበር። ቤተሰቡ ከላይ ሲበላ፣ ሲጣላ፣ ሲታረቅ፣ የታችኞቹ ይሰማሉ። ኋላ መንግሥት በሕይወት ያሉትን ወደ ሜዳ አወረዳቸውና ሙታኑ ብቻቸውን ቀሩ። አጎት አዚማን አንዳቸውንም በዓይናቸው አላዩም፤ ስማቸውን ከአባታቸው ተቀብለው ነው የሚጠሯቸው። እንግዶችን እዚያ ወለል ላይ ጮክ ብላችሁ አውሩ፣ መሬቱን ርገጡ፣ ዝፈኑ እያሉ መከራ ያሳዩአቸዋል። ላንጉስ ይህ ሁሉ የእንግዳ ማዝናኛ ይመስላት ነበር።

ያን ቀን የሚያወራም የሚዘፍንም አልነበረም። ሽማግሌው እሳት አነደዱ፤ መጠጡን ጠብ አደረጉና ወለሉን እያዩ ተናገሩ።

«ላንጉስ ናት፣ የእህቴ ልጅ። ዛሬ ሌላ ሰው የለም። የመጣችው መንገዱን ልትዘጋው ነው፤ አልነገረችኝም፣ ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ። አትቀየሟት፣ የሷም ሥራ ቀላል አይደለም። ከእንግዲህ እኔ ብቻዬን ብቅ እላለሁ። የአንድ ሰው ኮቴ ቢያንስባችሁም ቻሉት።»

ላንጉስ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ጠፋባት። አጎቷ በሜዳው ቤታቸው የማንንም ኮቴ ሳይሰሙ እንደሚውሉ ታውቃለች፤ እሷ ራሷ ከሄደች ስንት ጊዜዋ ነው። ስልክ ትደውላለች እንጂ። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

አጎት አዚማን እንዳላዩ ሆነው እሳቱን በአመድ አዳፈኑ፤ ቅርጫታቸውን አዘሉ። ሳይጨልም እንውረድ አሏት።

ላንጉስ ተነሣች። ተነሣችና አስነጠሰች።

እውነቱን ለመናገር፣ ትምህርት ቤት ላለመሄድ በውሸት የምትስል ልጅ እንኳ ከዚያ የተሻለ ታስመስላለች። ሽማግሌው አተኩረው አዩአት። ሕግ ግን ሕግ ነውና ቅርጫታቸውን መልሰው አወረዱ።

እሷ ድንጋዩን በጫማዋ ደህና አድርጋ ረገጠችው። «መንገዱ አይዘጋም» አለች ወደ ወለሉ ጎንበስ ብላ። «ሌላ ጊዜ ስመጣ ሰው ይዤ ነው። ጫጫታ የሚወዱትን እመርጥላችኋለሁ።»

አጎት አዚማን አመዱን ገልጠው እሳቱን ይቆሰቁሱ ጀመር።

«አጎቴ» አለች አጠገባቸው እየተቀመጠች፣ «እስከ ታች ድረስ ግን ቅርብ ነው አይደል?»

ሽማግሌው እንጨት ጨመሩ።

«ሩቅ ነው» አሉ። «በጣም ሩቅ ነው። ቁጭ በይ።»