ቤንዚን ስቆጥብ የተለቀሰልኝ ቀን

ወዳጆቼ፣ በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰው መሆኔን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?

ያውም መሪ ጨብጬ!

ትናንት በዚሁ ገጽ ላይ «ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ነዳጅም ገንዘብም ይተርፋችኋል» ብዬ መክሬ ነበር። ብዙዎቻችሁ ላይክ አድርጋችኋል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ምክሩ እኔን ራሴን ምን እንዳደረገኝ ሳልናገር ማለፌ ሕሊናዬን ቆረቆረው።

ዘመኑ የንጉሡ መንግሥት ሊያበቃ ጥቂት የቀረው፣ ቤንዚን በድንገት የተወደደበት ነው። ዓመቱን በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ማስታወሴን ከማመን መጠራጠር ይቀናኛል።

ቢቸና አስተማሪ ነበርሁ። ልቤ ግን ሞጣ ነበር። እዚያ የምታስተምር አስናቀች የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ግራዝማች ይርዳው ሽማግሌዎቼን የሚቀበሉበትን ቀን ቆርጠውልኛል፤ በማግሥቱ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ያ ቀን ካመለጠኝ አስናቀችም አመለጠችኝ ማለት ነው።

እንደ ዕድል ሆኖ ትምህርት ቤታችን ለሞጣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። ዳይሬክተሩ የትምህርት ቤቱን ፒክአፕ መኪና ፈቀዱልኝ፤ ቤንዚኑን ግን ከኪስህ አሉኝ።

ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ቤንዚን ይቆጥባል የሚል ጽሑፍ አንድ መጽሔት ላይ አንብቤ ነበር። የተማረ ሰው ያነበበውን በሥራ ያውላል፤ አይደለም እንዴ? በማለዳ ተነሣን።

ሰሌዳው እንዳይጫጫር በነጭ አቡጄዲ ጠቀለልነው። ሁለቱ ሽማግሌዎቼ፣ አለቃ ጥሩነህና አቶ በላቸው፣ ከኋላ ተቀምጠው ግራና ቀኝ ያዙት። ብርዱ ስለጠና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናነቡ። እኔም እንዲሁ።

አሁን ሥዕሉ ታያችሁ? ለእኔ አልታየኝም!

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አንድ አውቶቡስ ደረሰብን። ሊቀድመን ሲል ፍጥነቱን ቀነሰ። ተሳፋሪዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንዲት እናት ደረታቸውን መቱ። እንዴት ያለ ትሑት ሕዝብ ነው አልሁና አንገቴን ሰበር አድርጌ እጅ ነሣኋቸው።

አውቶቡሱ ቀድሞን ሞጣ ገባ። ወሬውም አብሮት።

የቢቸና ትምህርት ቤት መኪና ሬሳ ይዞ እየመጣ ነው ተባለ። ከመምህራኑ መካከል የሞጣ ተወላጅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሟቹን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም።

ሞጣ መግቢያ ላይ ስንደርስ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ያለቅሳል። ትልቅ ሰው ሞቷል ብዬ፣ ለሐዘንተኞቹ አክብሮት፣ መኪናዬን ይበልጥ ቀስ አደረግሁ።

ለቅሶው ባሰ!

ወርጄ ጋቢዬን ስገልጥ ለቅሶው ተቋረጠ። አንዲት አሮጊት ወደ አቡጄዲው እያዩ፣ «ታዲያ ይኼ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሰሌዳ ነው፣ እናቴ» አሉ አለቃ ጥሩነህ።

ከሁሉ ፊት አስናቀች ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ካልሞትህ ምን እንዲህ ያስጎትትሃል?» አለችኝ።

«ቤንዚን ለመቆጠብ ነው።»

ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ!

ግራዝማች ግን አልሳቁም። ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ እንደገና ልጃቸውን አዩ። ከዚያም የነገዎቹ ሽማግሌዎች እንዳይመጡ ሰው ላኩባቸው።

«ልጄ በአደባባይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ያለቀሰችለትን ሰው ትታ፣ ሌላ ቤት ምን ብላ ትገባለች?» አሉ።

አለቃ ጥሩነህ ሳምንት ሙሉ ያጠኑት ንግግር ሳይነገር ቀረ። ቁጭቱ ለብዙ ዓመታት አልወጣላቸውም።

ቤንዚኑም ተርፏል!

ይህን ስጽፍ አስናቀች ከጎኔ ሆና ታነባለች። «አላለቀስሁም፤ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው» ትለኛለች። ማስታወሴን እንደምጠራጠር ስለምታውቅ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ መኪና አቧራ ያስነሣል?