የቤተ መንግሥት ዘመድ በሙየንጋ

የትም አገር ሂዱ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዲት የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ዘመድ አትጠፋም። ዝምድናዋን ቤተ መንግሥቱ ራሱ አያውቀውም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች፣ ይበቃል። እዚያ ማዶ ትልቁ ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ምራቲቱ አንድን ቀሚስ ሁለቴ ስትለብስ እሷ ታፍራለች። ለንደን ላይ ጭጋግ ሲወርድ፣ እሷ የምድር ወገብ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ትከናነባለች።

በካምፓላ፣ በሙየንጋ ኮረብታ አናት ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ የሺሀረግ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በሰፊው ቤት ብቻቸውን ቀርተው፣ የጓሮውን ክፍል ለሔሊና አከራዩ። ሔሊና የአየር መንገድ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ፈጣን፣ ዘመናዊ፣ ሳቂታ። በገባች በሳምንቱ አንድ ነገር ገባት፦ እዚህ ቤት የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ አይደሉም።

ሳሎኑ ውስጥ ካትዌ በሚባለው የብረት ሠሪዎች ሠፈር ያስበየዱት ባለመስታወት የብረት ቡፌ አለ። ከላይ እስከ ታች የድሮ የእንግሊዝ ስኒና ሳህን ሞልቶታል፤ ከየስኒው ሆድ ላይ አንድ ንጉሥ ወይም አንዲት ንግሥት ታያለች። አብዛኞቹ ሞተዋል። ሔሊና ሳሎኑን ስታቋርጥ ዐይኖቹ ከኋላዋ ይከተሏታል። ዞር ስትል ቀድመዋት ቦታቸው ተመልሰዋል።

ስኒዎቹ የመጡት ጓዛቸውን ሸጠው ከሚመለሱ ፈረንጆች ቤት፣ ከሟች ዕቃ ሽያጭ፣ ከኦዊኖ ልባሽ ገበያ የጫማ ክምር ሥር ነው። እትዬ የሺሀረግ ሲገዙ አይቸኩሉም። በጥፍራቸው ጫፍ የስኒውን ከንፈር መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛው ስኒ ያዜማል፤ የተሰነጠቀው ድም ብሎ ይቀራል። «ይኼ ልቡ ተሰብሯል፣ ሻጩ ግን አላወቀም» ይላሉ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያነሱታል፤ ጣታቸው ከወዲያ ማዶ እንደ ጥላ ከታያቸው ይገዙታል።

«እንዴት እንዲህ ሳሳ?» ብለው ጠየቁ አንድ ቀን ጋሽ ሙሐመድዘይን። ቡኮቶ ሠፈር ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው ናቸው፤ ሐበሻው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሲሞትበት የሚያረዱ።

«አጥንት አለበት» አሉ እትዬ የሺሀረግ። «የከብት አጥንት ተቃጥሎ አመዱ ከጭቃው ጋር ይለወሳል።»

«የታረደ ነው የሞተ?»

«እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ሙሐመድዘይን።»

«እንግዲያው በብርጭቆ አድርጊልኝ።»

ለሔሊና ግን ብርጭቆ አልተፈቀደላትም። በመጀመሪያው ቀን ሻይ የቀረበላት ጽጌረዳ በተሳለባት፣ አንድ ቦታ ላይ ወርቋ በለቀቀ ስኒ ነበር። «የአንዲት መምህርት ነበረች፤ ኮሎሎ ሠፈር የሞተች» አሉ እትዬ የሺሀረግ፣ ልክ ሰው እንደሚያስተዋውቅ። «እዚች ጋ፣ ወርቁ የጠፋበት፣ ከንፈሯ ነው። ዕድሜ ልኳን በአንድ በኩል ነው የጠጣችው።» ሔሊና ቀስ ብላ ስኒውን አዞረች። «ተዪ ልጄ፣ በእሷ በኩል ጠጪ። ብቻዋን አታድርጊያት።»

ጠጣች። ሻዩ ትኩስ ነበር፤ የስኒው ከንፈር ግን ቀዝቃዛ ነበር።

የዚያ ቤት «እንደምን አደርሽ» ደግሞ «ከለንደን ምን አሉ?» ነው። የእትዬ የሺሀረግ ዐይን ስለደከመ፣ ከስልክ ላይ ጮክ ብሎ ማንበብ የሔሊና ሥራ ሆነ። ታዲያ ዜናው ዜና አይደለም፤ ቅኔ ነው፣ ፍቺ ያስፈልገዋል።

«‹ለጥቂት ቀን ዕረፍት ላይ ናቸው› ይላል፣ እትዬ።»

«ታመዋል።»

«‹ሐኪሞች በቅርብ እየተከታተሏቸው ነው› ቢልስ?»

«ልጆቹ ተጠርተዋል ማለት ነው።»

«‹በጥሩ መንፈስ ላይ ናቸው› ቢልስ?»

እትዬ የሺሀረግ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እሱን አይበሉ።»

ሁለቱ ወንድማማች ልዑላን ተኳረፉ ተብሎ በተወራ ጊዜ «አንድ ሽማግሌ የሚልክላቸው ይጥፋ?» ብለው ምግብ አስጠላቸው። ጋሽ ሙሐመድዘይንን በይፋ ጠየቋቸው። ጋሽ ሙሐመድዘይንም ጉዳዩን በጥሞና አዳምጠው፣ እሳቸው ለማስታረቅ ዝግጁ እንደሆኑ፣ ነገር ግን ቪዛ እንደሚከለከሉ አስረዱ።

ሔሊና ይህን ሁሉ ለቢሮ ጓደኞቿ እያስመሰለች ስታወራ ትስቅ ነበር። መሳቋን የተወችው ንግሥቲቱ ባረፈችበት ዓመት በጳጉሜን ነው። ያን ቀን ገና ከሰዓት በኋላ፣ ለንደን «ሐኪሞች ሰግተዋል» ከማለት በቀር ምንም ሳትል፣ እትዬ የሺሀረግ ተነሥተው ቡፌውን በጥቁር ነጠላ ሸፈኑት። «አርፋለች» አሉ። «ኧረ እትዬ፣ በሕይወት አሉ ነው የሚለው» አለች ሔሊና። ከነጠላው ሥር ግን ስኒዎቹ ይዘምሩ ነበር፤ በመንገዱ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት አላለፈም፣ ነፋስም አልነበረም። ዜናው የመጣው ሲመሽ ነው። እትዬ የሺሀረግ መሬት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሐበሻው ግራ እየተጋባ ለቅሶ ደረሰ፣ የግቢው ዘበኛ ሳይቀር «ባምቢ፣ ማማ» እያለ በአገሩ ቋንቋ እያዘነላቸው አንገቱን ደፋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ፣ ሔሊና ተራ ደርሷት ቢሮ እያለች ከአዲስ አበባ ተደወለላት። የደወለችው ሰሎሜ ናት፤ የእትዬ የሺሀረግ ታላቅ ወንድም፣ የጋሽ ሀብተማርያም ልጅ።

«አባዬ ዓርብ ማታ አረፈ» አለች። ድምጿ አልቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር። «አክስቴ በስልክ እንዳትሰማ፣ እህቴ። ከእናት ከአባቷ ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነው። ልቧን ታውቂዋለሽ፤ ብቻዋን ከሰማች እሷንም እናጣታለን።»

ሔሊና ያንን ልብ ታውቀዋለች። ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው እሷን ነው። ለጋሽ ሙሐመድዘይን ደወለች።

«ኢና ሊላሂ» አሉ። «ነገ ማለዳ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሰው ሰብስቤ እመጣለሁ። አንቺ እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ። ሴትዮዋ ከወረቀት ላይ ሞት የምታሸት ናት።»

«ጋሼ፣ እኔ መርዶ ነግሬ አላውቅም።»

«አትነግሪም። አለመንገር ነው ሥራሽ።»

በቦዳ ወደ ኮረብታው ስትወጣ ሰማዩ ማዶ ካለው ሐይቅ በኩል ጠቁሮ ነበር። የቤቱ ጣሪያ ላይ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፤ እነዚያ ራሰ በራ ግዙፍ አሞሮች፣ ክንፋቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ ቀብር እንደሚጠብቅ ሰው አጎንብሰው። ሔሊና ቀና ብላ ላለማየት ሞከረች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የቡፌው ዜማ ተቀበላት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የሴቶች እንጉርጉሮ።

«ሰማሽ? ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናቸው» አሉ እትዬ የሺሀረግ ሻይ እየቀዱ።

«ነጎድጓድ ይሆናል።»

«ነጎድጓዱ ገና አልመጣም። ከለንደን ምን አሉ?»

ሔሊና ስልኳን አውጥታ አነበበች። ስለ አንድ የአትክልት ቦታ ምረቃ ነበር፣ ስለ ባርኔጣም። ድምጿ አልከዳትም። ተርፌያለሁ ብላ ስኒዋን ስታነሣ ግን፣ እዚህ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ያልተጠየቀችው ጥያቄ መጣ።

«ከአዲስ አበባስ?»

«እንዴት ማለት?»

«ሀብተማርያም ስልክ አያነሣም። እሑድ አይደለም ወይ ዛሬ? የእኔና የእሱ ቀን ነው። ሰሎሜም አታነሣም።»

«ኔትወርክ ይሆናል፣ እትዬ። ሰሎሜን እኔ አግኝቻታለሁ… ደህና ናቸው። ዕረፍት ላይ ናቸው። በጥሩ መንፈስ ላይ ናቸው።»

ጮክ ብላ ስታነብበው የከረመችው ቃል ምላሷ ላይ አድፍጦ ኖሯል። ከአፏ ሲወጣ ሰማችው፤ መመለስ ግን አልቻለችም። ቡፌው ውስጥ ያ ሁሉ ዜማ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። የሞቱት ነገሥታት በሙሉ ትንፋሻቸውን የዋጡ መሰላት።

እትዬ የሺሀረግ ማንቆርቆሪያውን በአየር ላይ እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ቀዱላት፤ ስኒው እስኪሞላ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈሱ።

«ጥሩ» አሉ። «ጥሩ ነው እንግዲህ።»

ዝናቡ መጣ። በዝናቡ ውስጥ ስለ ወንድማቸው አንድም ቃል አላነሡም፤ ያወሩት ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው። «ክፉ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ክፋት እንዳይመስልሽ። ልጆቹ ከያሉበት እስኪሰበሰቡ ነው። ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው ነው።» ሔሊና አዎ እያለች ስኒዋ ውስጥ አየች። መብረቅ ሲበራ ጽጌረዳዋ የምትጠወልግ መሰላት። ገና ሳይመሽ «ሂጂ ተኚ ልጄ፤ ነገ በጠዋት ነው የምትነሺው» አሏት። ሔሊና ክፍሏ ደርሳ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው፣ ስለ ነገ ጠዋት ለማንም እንዳልተናገረች ትዝ ያላት።

ማለዳ፣ ጭጋጉ ከኮረብታው ሳይነሣ፣ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተው ዳገቱን ወጡ። ጋሽ ሙሐመድዘይን ከፊት ናቸው። ሔሊና የግቢውን በር ልትከፍትላቸው ከጓሮ ስትሮጥ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው።

ሳሎኑ ተዘጋጅቷል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ቡፌው ባዶ ነው። ስኒዎቹ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ ገብቶ ሲቀመጥ ለየአንዳንዱ አንድ ሆኑ፣ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። ከስኒዎቹ መካከል አንድ ብርጭቆ አለ፣ የጋሽ ሙሐመድዘይን። እትዬ የሺሀረግ ጥቁር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በጥቁር ሻሽ አስረው፣ በመካከል ቆመዋል።

«መጀመሪያ ጠጡ» አሉ። «ዳገት ወጥታችሁ ነው የመጣችሁ።»

ማንም አልጠጣም። ጋሽ ሙሐመድዘይን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሺ፣ እንግዲህ የአላህ ሥራ…»

«አንተ አይደለህም። እሷ ትንገረኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሔሊና ዞረ። «እትዬ… ጋሽ ሀብተማርያም ዓርብ ማታ… በሰላም…»

«በሰላም አትበዪኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እሱ የለንደን ነው። በእኛው ንገሪኝ።»

«ሞቱ» አለች ሔሊና። «ወንድምዎ ሞቱ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰው እንደፈራው አልወደቁም። ሔሊናን በእጃቸው ስበው ምንጣፉ ላይ አብረው ተቀመጡ። «ትናንት ነግረሽኝ የለም ወይ?» አሉ።

«ታዲያ ካወቁ… ሌሊቱን ሙሉ ብቻዎን?»

«ብጮህ አንቺ ምን ታደርጊኛለሽ? ልጅ ነሽ፤ መርዶ አታውቂ። እኔ እጅሽ ላይ ብወድቅ ዕድሜሽን ሙሉ ትሸከሚው ነበር። ሰው እስኪሰበሰብልሽ ጠበቅሁ።»

ሔሊና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትጠብቃቸው ያደረችው እሷ መስሏት ነበር።

«የእንግሊዟ ንግሥት አዲስ አበባ የመጣች ጊዜ» አሉ እትዬ የሺሀረግ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ሕዝቡ ውጦኝ። ሀብተማርያም አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ሠረገላው ሲያልፍ ጓንቷን አየሁ። እሱ ምን አየ? የሰው ጀርባ። ‹ምን ይታይሻል? ንገሪኝ› ይለኛል ከሥር። ይኸው ከትናንቱ በፊት እስካለው እሑድ ድረስ ነገርኩት። እነሱ ለእኔ ምኔ ናቸው? ለእሱ የምነግረው ወሬ ናቸው እንጂ። አሁን ለማን ልንገር?»

ከዚያም ድምፃቸው ወጣ። ከዚያ ደካማ ደረት ይወጣል ያለ ሰው አልነበረም።

ትከሻህ ላይ ሆኜ ያየሁት ያ ዓለም፣
ወርጄ ብፈልገው አንድም ቦታ የለም።

ጠረጴዛው ላይ ስኒዎቹ አብረው ማዜም ጀመሩ፤ ማንም አልነካቸውም። ለቅሶ ቤት ገብታ ማልቀስ የማታውቀው፣ ስታጽናና እንኳ ሰዓቷን የምታየው ሔሊና፣ «አንድም ቦታ የለም» ብላ ስትቀበል የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። ሴቶቹ ተከተሏት። ጋሽ ሙሐመድዘይን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለቅሶው ረገብ ሲል የሔሊና ስልክ ምንጣፉ ላይ በራ። ከለንደን ዜና ነበር። እጇ በልማድ ሄደ።

«ተዪው ልጄ» አሉ እትዬ የሺሀረግ፣ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ዛሬ ሐዘኑ እኛ ቤት ነው። ከፈለጉ እነሱ ይምጡ።»

ጋሽ ሙሐመድዘይን እንባቸውን እየጠረጉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሔሊና ነፋሱ በርትቷል ብላ የግቢውን በር ልትዘጋ ወጣች። ብረቱን ይዛ ቁልቁል አየች። መንገዱ ላይ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ በጭጋጉ ውስጥ ግን የሠረገላ ፈረስ ኮቴ የመሰለ ድምፅ ቀስ እያለ ዳገቱን ይወጣ ነበር፣ ወይም ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ነበር። ትንሽ አሰበችና፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው።